የእናትህ አቁማዳ መስታወት ውስጥ ገባች

ደምሴ፣ የኔ ነገረኛ፤

ከተለያየን ስምንት ወር ሊሞላን አራት ቀን ቀረው። ሰላምታ አላበዛብህም። እንደምን ሰነበትክ ብልህ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ድሮም በደህናው ጊዜ ሰላም ሲሉህ ጭንቅላትህን ነቅነቅ አድርገህ ወደ ስፌትህ ነበር የምትመለሰው። ዛሬ የምጽፍልህ ያጠፋሁትን ልነግርህ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አይዞሽ፣ ምን ታደርጊ፣ ማንም እናት እንዲሁ ነው የሚያደርገው እያለ አፌን ዘጋኝ። አንተ ግን ጥፋቴን አንድ በአንድ ለቅመህ ማውጣት ትወድ ስለነበር ላንተ ልናገር።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አሁንም ያው በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ አዴ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ነን። አዴ ጫልቱ ግቢውን ሲሚንቶ አስደርገውታል፤ አንተ በክረምት ጭቃውን እየዘለልክ አከራያችንን የምታማበት ነገር የለም። የስፌት መኪናህ መስኮቱ ስር አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል። ሰዎች ይከራይ ብለውኝ እምቢ አልኩ። እኔ እዚያው ፊት ለፊት ክፍል ሹሩባ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋ ይያዛል፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ነው የምውለው። ሲፈን ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ያ የወለቀው የፊት ጥርሷ ትልቅ ሆኖ በቅሏል። አቤል አምስት ዓመት ሞላው። ኦሮምኛው እንደ ውኃ ነው፤ አማርኛውን ሲናገር ግን ያንተን የወሎ አነጋገር ቁርጥ። አንዳንዴ ከጓሮ ሲጮህ ልቤ ስንጥቅ ይላል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንተ የሞትክ ቀን ልጆቹ ቢላ ከተማ እህቴ ዘንድ እንደነበሩ ታውቃለህ፤ ትምህርት ስለተዘጋ ራስህ ነህ የሸኘሃቸው። ለኑኑ ቁምባ ገበያ የሰፋሃቸውን የተማሪ ልብሶች ጭነህ በማለዳ ወጣህ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ነበር። ሚኒባሷ ከኩርባው ላይ ጭቃው አንሸራቷት ተገለበጠች አሉኝ። ከመኪናው የሞትከው አንተ ብቻ ነህ፤ ሌላው ሰው ከነጭረቱ ወጣ። ለምን አንተ ብቻ ብዬ ስንት ቀን ከፈጣሪ ጋር ተጣልቻለሁ መሰለህ። እኔ ስደርስ ተገንዘህ ነበር። ከሰዓት በኋላ እዚያው ኑኑ ቁምባ እናትህ አጠገብ አፈር አለበሱህ፤ እኔ ያየሁት ነጩን ጨርቅ ብቻ ነው።

ለቅሶው ላይ የልጆቹ ነገር ተነሣ። መቼም የኛን አገር ታውቀዋለህ፤ መርዶ እንደ ገበያ ወሬ አይነገርም። ለትልቅ ሰው እንኳ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ፣ ቤተ ዘመድ ዙሪያውን ከቦ ነው። ሽማግሌዎቹ ሕፃናት ናቸው፣ ዝናብም ነው፣ አንቺም አቅም የለሽ፣ ትንሽ ይቆይ አሉ። እኔም እሺ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ? ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ያንን ቃል ለሲፈን የምናገርበት አፍ አልነበረኝም።

ክረምቱ ይውጣ ተባለ። ክረምቱ ወጣ። ትምህርት ይልመዱ ተባለ፣ ለመዱ። ፈተና ይለፍ፣ ገና ይለፍ፣ ጥምቀት ይለፍ። ከሁለት ወር በኋላ ይቆይ የሚል ሰው እንኳ አልነበረም፤ እኔው ራሴ ነኝ እያስቆየሁ የቆየሁት። አባታችሁ አሶሳ ነው፣ ትልቅ የስፌት ሥራ አግኝቶ ሄዷል፣ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም አልኳቸው። ሲፈን መጀመሪያ በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር፣ ኋላ በሳምንት፣ ከዚያ ተወች። ተወችልኝ ብዬ እፎይ አልኩ፤ ሞኝ!

ስዋሽ ደግሞ እንዴት አድርጌ መሰለህ! ከሌን አዴ ጫልቱ ቤት ነበር የማስቀምጠው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጥቁሬን ለብሼ ላለቅስ እገባለሁ፤ ሊመለሱ ሲሉ አውልቄ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ባለ አበባዋን ቀሚስ ለብሼ እቀበላቸዋለሁ። የአርባህ ዕለት እህቴ ታማለች ብዬ ኑኑ ቁምባ ወርጄ ተዝካርህን አውጥቼ ተመለስኩ። ከነሱ ጋር ስሄድ በዋናው መንገድ አላልፍም፤ የሚያውቅህ ሰው አግኝቶን ነፍስ ይማር እንዳይል በጓሮ በጓሮ፣ አጥር ለአጥር ነው የምወስዳቸው። ድንገት ሰው ቢገጥመኝ ከንፈሬን ነክሼ ዓይኔን ወደ ልጆቹ እጥላለሁ፤ ሰውየው ወዲያው ይገባዋል። ለገና ለሁለቱም ጫማ ገዛሁና አባታችሁ ከአሶሳ ላከው አልኩ። ከተማው በሙሉ አብሮኝ ዋሸ፣ ደምሴ። አንድም ሰው አላጋለጠኝም።

አዴ ጫልቱ ብቻ ተቃወሙኝ። እኛም ዘንድ መርዶ ይደበቃል፣ ግን ሁለት ሳምንት ሦስት ሳምንት ነው እንጂ እንዲህ እስከ ፋሲካ አይጎተትም አሉኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በኦሮምኛ ይጸልዩልኛል፣ ጸሎቱን አሜን ብለው ሲጨርሱ ደግሞ ይቆጡኛል። ልጅቷ ከሰው አፍ ሰምታ ትጠላሻለች አሉኝ። እኔም ምን አገባዎት ብያቸው ሁለት ቀን ሳንነጋገር ሰነበትን። ያንን የግትርነቴን ነገር አንተ ነህ የምታውቀው።

የእናትህ አቁማዳ የተጣላንባትን ቀን መቼም አትረሳውም። በሰፈራ ከወሎ ሲያመጧቸው፣ ሰዉ የለበሰውን ብቻ ይዞ መኪና ላይ ሲወጣ፣ እናትህ ያቺን ባዶ አቁማዳ አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ይዘው ነው ወለጋ የገቡት። የምንሄድበት አገር እህል ካለው በምን እይዘዋለሁ ብለው ነው አሉ። በመጀመሪያው ዓመት በቆሎ የሞሉላቸው ደግሞ የዚህ አገር ጎረቤቶች ናቸው፤ የሚግባቡበት ቋንቋ እንኳ ሳይኖራቸው። ይህንን ስትተርክ ዓይንህ እንባ ያቀርር ነበር። ታዲያ ሱሪ ሊያስጠግኑህ የሚመጡት ኦቦ ፈይሳ፣ የከተማው ሙዚየም ውስጥ የሚሠሩት ሰውዬ፣ የድሮ የቤት ዕቃ እንሰበስባለን ሲሉህ ጊዜ ልስጣት አልክ። እኔ ጉድ አልኩ! የእናትህን ዕቃ ለመጋዘን አይጥ? ጋሻና ዙፋን በተሰቀለበት ቤት የኛን የረሀብ አቁማዳ ማን ዞር ብሎ ያያታል? ልጆቻችን የተወለዱት እዚህ ነው፣ አንድ ቀን ገብተው የነሱም ነገር እዚያ እንዳለ ይዩ አልከኝ። አኮረፍኩህ። አንተም አኩርፈህ ይዘሃት ሄድክ። ከዚያ በኋላ የቆየኸው አንድ ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ቀን በኩርፊያ ነው የጨረስኩት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሲፈን ከትምህርት ቤት መጥታ መምህሯ ሙዚየም ሄዳችሁ ያያችሁትን ጽፋችሁ አምጡ እንዳሏት ነገረችኝ። ለተማሪና ለወላጅ መግቢያው በነፃ ነው። እኔ እምቢ አልኩ። ኦቦ ፈይሳ እዚያ ናቸው፣ ያንተን ነገር ያነሣሉ ብዬ ፈራሁ። የራስ ቅል አለበት ያስፈራል አልኳት፣ ሥራ አለብኝ አልኳት። የክፍሏ ልጆች ሁሉ ሄደዋል። አባባ ቢኖር ይወስደኝ ነበር ብላ ደብተሯን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ምን ልበላት? ቅዳሜ ደንበኞቼን መልሼ፣ ሁለቱንም አጥቤ አልብሼ ወጣሁ። ያችን የአሶሳ ጫማ አድርገው።

ሙዚየሙ ውስጥ ዝም ያለ ነው፤ ሰው በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። እኔ እንኳ ይህን ያህል ዓመት በደጁ ሳልፍ ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ለትልልቅ ሰዎች የተሠራ ይመስለኝ ነበር። የጎሽ ቀንድ ዋንጫ አለ፣ ጋሻው በግድግዳው ላይ ተደርድሯል፣ የድሮ ቀፎ አለ፣ የድሮ ባላባቶች ፎቶ አለ። አቤል ባለ ሦስት እግሯን በርጩማ አይቶ ሮጦ ሄዶ ቁጭ! ዘበኛው እየሳቁ አነሡት። የማይቀመጡበት ከሆነ ለምን ሠሩት ብሎ ጠየቃቸው። ሲፈን ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ በየመስታወቱ ስር የተለጠፈውን ወረቀት እያነበበች ትጽፋለች። ልጅቷ በቁቤ፣ በኦሮምኛው ፊደል፣ ስታነብ ዓይኗ አይደናቀፍም። እኔ የማውቀው የሀሁውን ፊደል ነው፤ ያንን በጣቴ እየለቀምኩ ካልሆነ አላነበውም። ኮርቼባት ከኋላ ከኋላዋ እሄዳለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ያህል ስምህን ሳላስብ ቆየሁ።

ከዚያ ኦቦ ፈይሳ አዩን። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ፊታቸውን ለልቅሶ አዘጋጅተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ሲመጡ አየሁ። ከንፈሬን ነከስኩ፣ ዓይኔን ልጆቹ ላይ ጣልኩ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። ወዲያው ገባቸው። ሊሉት የነበረውን ዋጥ አድርገው አካም ጅርቱ ብለው ሰላም አሉኝ፣ አቤልን ራሱን ዳበሱት። አመለጥኩ አልኩ በልቤ። ኑ የምታዩት ነገር አለ ብለው ወደ ውስጠኛው ክፍል መሩን። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ድንገት ቆሙ። ዞር ብለው አዩኝ። ይህ ክፍል ለዛሬ ይቆየን፣ ሌላ ቀን ብቻሽን ብትመጪ ይሻላል አሉ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጉድ። እሳቸው ሊያድኑኝ ነው፤ እኔ ደግሞ አቁማዳዋን መጋዘን ጥለዋት አፍረው ነው ብዬ አሰብኩ። ያ ከአንተ ጋር የተጣላሁበት ነገር ተነሣብኝ። አላልኩህም ነበር ብዬ በሬሳህ ላይ ልፎክር ነበር መሰለኝ። አይ፣ ዕቃችንን ሳላይማ አልሄድም ብዬ፣ ሰውየው እጃቸውን እያርገፈገፉ፣ ልጆቹን ጎትቼ ገባሁ።

መጋዘን አልጣሏትም፣ ደምሴ። ከክፍሉ መሀል ናት። ቅባት ቀብተዋት፣ እጥፋቷን ዘርግተው፣ መስታወት ውስጥ አስቀምጠው፣ ከላይ አምፖል አብርተውላታል። አፏ ላይ እናትህ በጅማት የጠቀሟት ስፌት ሳይቀር ይታያል። እኔ ሴትዮዋ አፌን ያዝኩ። የወለጋ የወርቅ ማጠቢያ ገበቴ በአንድ በኩል፣ የእናትህ አቁማዳ በሌላ በኩል። ልክ ነበርክ። በሕይወትህ ሳለህ ልክ ነህ ብዬህ ስለማላውቅ አሁን ልበልህ፤ ልክ ነበርክ።

ከስሯ ወረቀት አለ፣ በቁቤ የተጻፈ። የኛን ስም ከነአያትሽ እዚህ ጽፈውታል ብዬ ሲፈንን ጠራኋት። ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አልኳት። እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ፣ በኩራት።

ክፍሏ ውስጥ እንዳለች ቆማ፣ ድምጿን አንሥታ በኦሮምኛ አነበበች። በረሀቡ ዘመን ከወሎ ወደ ወለጋ የመጡ አንዲት እናት ይዘዋት የመጡት የእህል አቁማዳ ይላል። ጎረቤት የመጀመሪያውን በቆሎ የሞላባት ይላል። ለሙዚየሙ ያበረከቱት በሞት የተለዩን ኦቦ ደምሴ ይመር። በዚያው ድምጿ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ አፏ ቀድሞ ልቧ ኋላ ቀረ። ከዚያ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ተመለሰችና ድምፅ ሳታወጣ ደግማ አነበበችው። እኔን አይደለም መጀመሪያ ያየችው፤ ኦቦ ፈይሳን ነው። እሳቸው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ሰውየው ክብር ብለው ነው የጻፉት፣ ሟችን እንደ ሟች። እኔ ነኝ ያላከበርኩህ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ስምንት ወር ያሠለጠንኩት ፊቴ እምቢ አለኝ።

አቤል ገበቴው ጋ አፍንጫውን መስታወት ላይ ለጥፎ ነበር። ስምህን ብቻ ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ አባባን ምን አሉት ብሎ የሲፈንን ቀሚስ ይዞ ጎተታት። እኔ እጁን ላስለቅቅ ጎንበስ አልኩ። እሷ ግን ቀደመችኝ። አባባ የሰጠው ዕቃ ነው ነው የሚለው፣ አሶሳ ስለሆነ ነው ያልመጣው፣ እዚያ ኔትወርክ የለም አለችው። በኔ ድምፅ፣ ደምሴ። እጇን እንኳ እንደኔ አወናጨፈች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አባቷ መሞቱን ካወቀች ገና ምራቋን አልዋጠችም፣ ወንድሟን ለማዳን ውሸቴን አንሥታ ለበሰችው። ያን ጊዜ ያደረግሁት ነገር ገባኝ፤ እዚያው መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እወድ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ የአቤልን እጅ የያዘችው እሷ ናት፤ እኔን አላስጠጋችኝም። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ራሷ ወደ ጓሮው መንገድ አጠፈች። ለምን በዚያ እንደምንሄድ ያን ጊዜ ነው የገባት መሰለኝ። አቤል ስለ ቀፎው እየለፈለፈ፣ እሷ እሺ እሺ እያለችው ቤት ደረስን።

አቤልን አዴ ጫልቱ ጋ ላክሁትና ነገርኳት። ሁሉን ነገርኳት። አላለቀሰችም። ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። መቼ ነው፣ ደም ነበረው ወይ፣ ምን ብሎ ሞተ፣ ማን ገነዘው አለችኝ። ከዚያ ማን ማን እንዳለቀሰልህ ጠየቀችኝ። እኔም ሞኟ፣ የሚያጽናናት መስሎኝ፣ ገበያው ሁሉ ነው ያለቀሰለት፣ አክስትሽ፣ አዴ ጫልቱ፣ ጓደኞቹ፣ የኑኑ ቁምባ ሰው እያልኩ ቆጠርኩላት። ሁሉም ሰው ካለቀሰ እኔን ለምን ከለከልሽኝ አለችኝ። ጫማዋን አወለቀች። ይህን የገዛሽው አንቺ ነሽ አይደል ብላ ፊቴ አስቀመጠችው። በየማታው አባባን አመሰግናለሁ እያልኩ እጸልይ ነበር አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

በነዚያ ሦስት ቀናት ያዳመጥኩትን ግን እንዴት ልንገርህ። ከኔ ጋር ባትናገርም ለአቤል ትናገራለች። የወጥ ቤት ጨርቅ አንጠልጥዬ ጓዳ ቆሜ ሰማኋት። አባባ አሶሳ ቀይ ኮት እየሰፋ ነው፣ ላንተም ኪስ ያለው ሱሪ ጀምሮልሃል፣ ወንዙ ሲጎድል ይመጣል እያለች ትነግረዋለች። እኔ ያላሰብኩትን ሁሉ ጨምራበታለች። አቤል ይስቃል። እሷ ግን ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ምግብ አትበላም። ልጄ በዚያ ውሸት ልታድግ ነው፣ እንደኔ እያወለቀች እየለበሰች ልትኖር ነው አልኩ። ያኔውኑ አዴ ጫልቱ በር ሄጄ ወደቅሁ። ልክ ነበሩ አልኳቸው፤ ለልጆቼ መርዶ ይነገርልኝ አልኳቸው። እሳቸውም አላልኩሽም ነበር አላሉኝም። ነጠላቸውን ለበሱና ሰው ሊጠሩ ወጡ።

በማግስቱ ገና ሲነጋ መጡ። የዕድሩ ሽማግሌዎች፣ እህቴ ከቢላ፣ የአዴ ጫልቱ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ኦቦ ፈይሳም ባርኔጣቸውን ይዘው። ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ልጆቹን መሀል አስቀምጠው፣ ሽማግሌው አባታችሁ ዐርፏል ብለው ነገሯቸው። ሴቶቹ ዋይ አሉ። ሲፈን አባ! ብላ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። ደረቷን ደቃች፣ ተንከባለለች፤ ትልልቆቹ ሴቶች ይዘው አብረዋት አለቀሱ፤ እናት ትሁን ልጅ የማትለያት አለቃቀስ ነበር። ስምንት ወር የተዘጋባት ነው። እኔም ጥቁሬን አዴ ጫልቱ ቤት ሄጄ ሳይሆን እዚያው እፊታቸው ለበስኩት። አቤል ግን እሷ ስላለቀሰች አለቀሰ፤ ትንሽ ቆይቶ ዳቦ አምጡልኝ አለ። ዐርፏል ማለት ምን እንደሆነ አልገባውም። ሰውም አይ ሕፃን ነው ብሎ ተወው።

ማክሰኞ ይዣቸው ኑኑ ቁምባ ወረድኩ። ኩርባዋ ጋ ስንደርስ ለሲፈን በጣቴ አሳየኋት፤ መስኮቱ ላይ ግንባሯን አድርጋ እስክናልፍ አየችው። መቃብርህ ላይ ሣር በቅሏል። እናትህን በአንድ እጅህ ይዘህ የተኛህ ያህል ቅርብ ናችሁ። ሲፈን ለብቻዋ እንድተዋት ለመነችኝና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ተንበርክካ ረጅም ሰዓት አወራችህ። የነገረችህን አልሰማሁም፤ በኔ ላይ ከሳሽ ሆናም ከሆነ ይገባኛል። አቤል ጠጠር እየለቀመ እግርህ ጋ ይደረድራል።

ከዚያ ወጥተን መንገድ ዳር መኪና ስንጠብቅ፣ አቤል እጄን ነቅነቅ አደረገኝ። አባባ እዚያ ተኝቶ ሲያበቃ በየትኛው መኪና ነው የሚመጣው፣ እኛ ቦታ እንያዝለት ወይ አለኝ። ሲፈን ዞረች። የኔን አፍ ነው የምታየው። ምን እንደምል ልታይ ነው። ደግሞ በልቤ መልሱ ተዘጋጅቷል እኮ፣ ደምሴ! ነገ ይመጣል የሚለው ቃል ጥርሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። አንድ ትንፋሽ ነው የቀረው።

ተቀምጬ ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። አባትህ አይመጣም አልኩት። ሞቷል፤ የሞተ ሰው አይመለስም አልኩት። ነገስ አለኝ። ነገም አይመጣም አልኩት። ሳድግስ አለኝ። ስታድግም አልኩት። ያን ጊዜ ገባው። በጡጫው ደረቴን መታኝ፣ መልሶ መታኝ፣ እዚያው ጠጠር ላይ ተዘርግቶ ጮኸ። ሰው ሁሉ ያየናል፤ ግድ አልሰጠኝም። ሲፈን መጣችና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከሙዚየሙ ቀን ወዲህ ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ነው። መኪናው እስኪመጣ ሦስታችንም አንድ ላይ መሬት ላይ ተቀምጠን አለቀስንልህ።

እና ደምሴ፣ ለአቤል የነገርኩትን ቃል ስናገር የራሴ ጆሮ ሰማው። አይመጣም የሚለውን ቃል እስከዚያ ቀን አፌ ብሎት አያውቅም ነበር። ለለቅሶኛው ሞተ እል ነበር፤ አይመጣም ግን አላልኩም። አሶሳ አሶሳ እያልኩ ሳወራ ከልጆቹ ይልቅ እኔ ነበርኩ ያመንኩት። በር ሲንኳኳ ቀና የምለው ለዚያ ነው፤ የስፌት መኪናህ ይከራይ ሲሉኝ እምቢ ያልኩትም ለዚያ ነው። መርዶው የተነገረው ለኔ ነው፣ እዚያ መንገድ ዳር።

አሁን ምን ቃል ልግባልህ? ልጆቹን ስለ አንተ አልዋሻቸውም። ደግነትህን እነግራቸዋለሁ፤ ቁጣህንም፣ ምግብ ላይ ማማረርህንም፣ ሰው ሲሞት ከኔ ቀድመህ ማልቀስህንም እነግራቸዋለሁ። ሙት ዓመትህን ስናወጣ ሁለቱም ከፊት ይቆማሉ። ሲፈን ገና ሙሉ በሙሉ አልታረቀችኝም፤ ትላንት ግን ራሷን ሰጥታኝ ሹሩባ ሠራኋት። አቤል ዛሬም ጠዋት ተነሥቶ አባባ ዛሬም አይመጣም አይደል አለኝ፤ አዎ አይመጣም አልኩት። በየቀኑ ይጠይቀኛል፣ በየቀኑ እነግረዋለሁ።

እስከ ትላንትና ስጠብቅህ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ ፋንታዬ